ፕሬዚዳንቱ የተናገሩትና ፎርሙ የሚለው

የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የነበሩት ሊንደን ጆንሰን ዋሺንግተን ባለው ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ላይ ያደረጉትን የምረቃ ንግግር አልፎ አልፎ እያወጣሁ አነበዋለሁ። ሰውየውን ስለምወዳቸው አይደለም፤ ቬትናምን እያሰብኩ ልወዳቸው አልችልም። ግን አንድ ፕሬዚዳንት ስለ ፍትሕ ሲናገር ምን ያህል ሊደፍር እንደሚችልና የት ላይ እግሩ እንደሚታሰር አንድ ላይ የሚያሳይ ሌላ ንግግር አላገኘሁም።

ዕለቱ ዓርብ፣ ጁን 4 ቀን 1965 ነው፤ በእኛ ግንቦት 27 ቀን 1957 ዓ.ም.። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ የፈረንጅ ናቸው።) ግቢው ከጆርጂያ አቬኑ ከፍ ብሎ ያለው ነው። የዋሺንግተን ሐበሻ ሰፈሩን ጠንቅቆ ያውቀዋል፤ ከዚያ ቁልቁል ሲወረድ ዩ ስትሪት፣ ናይንዝ ስትሪት፣ ምግብ ቤቶቻችን። ዶክተር መላኩ በያን ሕክምና የተማሩት እዚያው ሃዋርድ ነበር። ጆንሰን በተናገሩበት ምሽት ግን እኛ ገና በሰፈሩ የለንም። ከፊታቸው የተቀመጡት በአብዛኛው ጥቁር አሜሪካውያን ተመራቂዎችና ወላጆቻቸው ናቸው።

የሲቪል መብቶች ሕጉ ከወጣ ገና ዓመት አልሞላውም። የድምፅ መስጠት መብት ሕጉ ኮንግረስ ውስጥ ነው። ሌላ ፖለቲከኛ ቢሆን «እንኳን ደስ አላችሁ፣ መንገዱ ተከፍቷል፣ የቀረው የናንተ ጥረት ነው» ብሎ ጭብጨባውን ተቀብሎ ይወርድ ነበር። ጆንሰን ነፃነት ብቻውን አይበቃም አሉ። ለዓመታት በሰንሰለት ታስሮ የኖረን ሰው ፈትተህ፣ ከሩጫው መነሻ መስመር ላይ አቁመህ፣ «በል እንግዲህ ከሌሎቹ ጋር ተወዳደር» ብለኸው ስታበቃ፣ ፍርድ አላጓደልኩም ልትል አትችልም አሉ። የዕድልን በር መክፈት ብቻ አይበቃም፤ ዜጋው ሁሉ በበሩ የመግባት አቅም ሊኖረው ይገባል። የምንፈልገው በሕግ የተጻፈውን እኩልነት ብቻ ሳይሆን በኑሮ የሚታየውን፣ በውጤት የሚገለጠውን እኩልነት ነው።

ይህን ያለ ፕሬዚዳንት ከዚያ በፊት አልነበረም። ከዚያ በኋላም እንዲህ አፍ አውጥቶ ያለ አላውቅም።

ቁጥርም ጠቅሰዋል። ከ35 ዓመት በፊት የጥቁሩና የነጩ የሥራ አጥነት መጠን ተቀራራቢ ነበር፣ ዛሬ ማታ ግን የጥቁሩ እጥፍ ነው አሉ። በ1940 ነጭ ባልሆኑት ዘንድ የሕፃናት ሞት ከነጮቹ በ70 በመቶ ይበልጥ ነበር፤ ከ22 ዓመት በኋላ ልዩነቱ ወደ 90 በመቶ ወጣ። አገሪቱ እየበለጸገች ሳለ ክፍተቱ ሰፋ ማለት ነው። በምረቃ ቀን እንዲህ ያለ ነገር መናገር ድፍረት ይጠይቃል።

ንግግሩን ያዘጋጁት ሪቻርድ ጉድዊንና ዳንኤል ፓትሪክ ሞይኒሃን ናቸው፤ ከወገቡ በላይ ያለው ክፍል እስከ ዛሬ ያምራል። ከወገቡ በታች ሲወረድ ግን ጉዳዩ ይሳሳል። መፍትሔው ምንድን ነው? ሥራ ነው ይላሉ፣ መኖሪያ ቤት ነው፣ ሕክምና ነው፣ የማኅበራዊ ድጋፍ ፕሮግራሞች ናቸው፣ የሚረዳ ልብም ነው። ሁሉንም የሚፈታ አንድ መልስ የለም። ከዚያ በመጪው መከር በዋይት ሐውስ ጉባኤ እንደሚጠሩ አስታወቁ።

ጉባኤ! እኛ አገር ነገር ሲከብድ ኮሚቴ ይቋቋማል፤ ዋሺንግተንም ለካ እንደዚያው ናት። ዋናው ጉባኤ የተካሄደው በሚቀጥለው ዓመት፣ በጁን 1966 ነው። እስከዚያ ድረስ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ዋትስ የሚባለው የጥቁሮች ሰፈር በአመፅ ተቃጥሎ ነበር፤ ያውም የድምፅ መስጠት መብት ሕጉ በተፈረመ በአምስተኛው ቀን። ሞይኒሃን ስለ ጥቁር ቤተሰብ የጻፉት ሪፖርት ያስነሳው ጭቅጭቅ የቀረውን ትኩረት በላው፤ ቬትናምም አለ። ያንን ሁሉ የተሸከመው የሃዋርድ ንግግር ስብሰባ ላይ ደርሶ ቀረ።

ታዲያ ሰውየው ያስመስሉ ነበር? አይመስለኝም። ሃያ ዓመት በወጡ ጊዜ፣ ከ1928 እስከ 1929፣ ኮቱላ በምትባል የደቡብ ቴክሳስ ትንሽ ከተማ የሜክሲኮ ተወላጅ ልጆችን አስተምረዋል። በማርች 15 ቀን 1965፣ አላባማ ውስጥ ሴልማ ላይ የድምፅ መስጠት መብት የጠየቁ ሰልፈኞች በተደበደቡ በሳምንቱ፣ ኮንግረስ ፊት ቆመው ይህንኑ አነሱ። ልጆቹ ቁርስ ሳይበሉ ይመጡ ነበር፤ ሰው ለምን እንደሚጠላቸው አያውቁም፣ ግን መጠላታቸውን ያውቃሉ፤ ይህን በዓይናቸው አይቻለሁ አሉ። የነዚያን ተማሪዎች ልጆች ለመርዳት አንድ ቀን ዕድሉን አገኛለሁ ብዬ አልሜም አላውቅ፤ አሁን ግን ዕድሉ በእጄ ነው፣ ምስጢር ልንገራችሁ፣ ልጠቀምበት ነው። ከወር በኋላ ደግሞ ለድሃ ልጆች ትምህርት ቤቶች የፌዴራል ገንዘብ የሚያከፋፍለውን ሕግ በልጅነታቸው በተማሩበት ትምህርት ቤት፣ የመጀመሪያ አስተማሪያቸውን ከጎናቸው አስቀምጠው ፈረሙ። ጆንሰን እንዲህ ያለ ትዕይንት ይወዳሉ። ቢሆንም ከአንገት በላይ አልነበረም።

የዚያን ዓመት ጁላይ ግን ሁለት ቀኖቹን ጎን ለጎን አስቀምጦ ማየት ይገባል። ጁላይ 28 ቬትናም ያለውን ጦር ከ75,000 ወደ 125,000 እንደሚያሳድጉ ለጋዜጠኞች ተናገሩ። ጁላይ 30 ሚዙሪ ውስጥ ኢንዲፔንደንስ ሄደው፣ ሃሪ ትሩማን ባሉበት፣ የሜዲኬርንና የሜዲኬድን ሕግ፣ ማለትም የአረጋውያኑንና የድሆቹን የመንግሥት የሕክምና መድን፣ ፈረሙ። አንድ እጅ፣ አንድ ሳምንት። ማርቲን ሉተር ኪንግ በኤፕሪል 1967 ኒው ዮርክ ሪቨርሳይድ ቤተ ክርስቲያን ላይ ጦርነቱን ሲያወግዙ አንዱ ምክንያታቸው ይኸው ነበር፤ ለድሃው ተስፋ የፈነጠቀውን ፕሮግራም ቬትናም ሲውጠው አይተዋል።

አሁን ወደ ልቤ ጉዳይ ልምጣ። ስለ ሃዋርድ ንግግር ብዙ ተጽፏል፤ ሐሳቡ በተግባር ስለታየበት ቦታ ግን ከምሁራን ውጪ ብዙ ሰው ሲያወራ አልሰማም። ያ ቦታ ሆስፒታል ነው።

ሜዲኬር ሥራ የጀመረው በጁላይ 1 ቀን 1966 ነው፤ ወደ 19 ሚሊዮን የሚጠጉ አረጋውያን ተመዝግበው። ከዚያ በፊት በደቡቡ ብዙ ሆስፒታሎች ጥቁር ታማሚ የሚተኛበት ክፍል ለብቻው ነበር፤ አንዳንዱ ምድር ቤት፣ አንዳንዱ በጓሮ በር የሚገባበት። ጭራሽ የማይቀበሉም ነበሩ። ይህን ደግሞ የመንግሥት ገንዘብ ረድቶታል። በ1946 የወጣው የሆስፒታል ግንባታ ሕግ፣ ሂል በርተን የሚባለው፣ «ለየብቻ ግን እኩል» የሚል አንቀጽ ስለነበረው ዘር የሚለዩ ሆስፒታሎች በፌዴራል ገንዘብ ተሠሩ። አንቀጹን ፍርድ ቤት የሻረው በ1963 ነው።

ሜዲኬር ሲመጣ የሲቪል መብቶች ሕጉ ስድስተኛ ክፍል አብሮት መጣ፤ የፌዴራል ገንዘብ የሚወስድ ዘር መለየት አይችልም። ሆስፒታሉ የአረጋውያኑን ሂሳብ ከመንግሥት ለመቀበል ከፈለገ መጀመሪያ አለመለየቱን ማሳየት አለበት። ወረቀት መፈረም ብቻ ሳይሆን ማሳየት። ከየፌዴራል መሥሪያ ቤቱ የተሰበሰቡ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሥልጠና ወስደው ወጡ፤ ክፍል በክፍል እየገቡ ማን ከማን አጠገብ እንደተኛ አዩ፣ መጠበቂያ ክፍሉን አዩ፣ ጥቁር ሐኪሞች እዚያ ማከም ይፈቀድላቸው እንደሆነ ጠየቁ። አንዳንድ ሆስፒታል ተቆጣጣሪው በሚመጣበት ቀን ታማሚዎቹን አደበላልቆ አስተኝቶ፣ ሲሄድለት ወደነበሩበት ይመልስ ነበር። ይህን ያጋለጡት ጽዳትና ወጥ ቤት የሚሠሩት፣ አልጋ የሚያነጥፉት ጥቁር ሠራተኞች ናቸው፤ እየፈሩም ቢሆን ለተቆጣጣሪዎቹ በምስጢር ይነግሯቸው ነበር።

በጥቂት ወራት ውስጥ ከ1,000 በላይ ሆስፒታሎች አሠራራቸውን ቀየሩ። ስንት ዓመት በፍርድ ቤትና በሰልፍ ፈቅ ያላለው ግድግዳ በአንድ የክፍያ ቅድመ ሁኔታ ፈረሰ። ፕሬዚዳንቱ ያንን ቅድመ ሁኔታ የሚያስታውስ ታላቅ ንግግር አላደረጉም፤ ቢያደርጉም ሰው አያስታውሰውም። «የዕድል በር» የሚለው ሐረግ በየመጽሐፉ ይጠቀሳል፣ ምድር ቤት የተኛችውን አሮጊት ወደ ላይኛው ፎቅ ያወጣት ግን የክፍያ ደንብ ነው።

ደንብ በተቃራኒውም ይሠራል። ፍራንክሊን ሩዝቬልት በኦገስት 14 ቀን 1935 የሶሻል ሴኩሪቲን፣ የጡረታውን ሕግ ሲፈርሙ ስለ እርጅናና ስለ ድህነት የተናገሩት ልብ ይነካል። ሕጉ ውስጥ ግን የእርሻና የቤት ሠራተኞች አይመለከታቸውም የሚል ነገር ነበረ። የዘር ስም አልተጠራም፤ መጥራትም አላስፈለገም፤ ከጥቁር ሠራተኞች ሁለት ሦስተኛ የሚጠጉት በነዚህ ሁለት ሥራዎች ላይ ነበሩ። አብዛኞቹ ወደ ውስጥ የገቡት በ1950ዎቹ ማሻሻያዎች ነው። የሰው ቤት ስታጸዳ ያረጀች ሴት በ1935 የፕሬዚዳንቱን ንግግር በሬዲዮ ሰምታ ብትደሰት ማን ይፈርድባታል?

እዚህ ላይ ስለራሳችን ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። ያው 1965፣ ኦክቶበር 3፣ ጆንሰን ሊበርቲ ደሴት ላይ፣ የነፃነት ሐውልት ሥር ቆመው የኢሚግሬሽን ሕጉን ፈረሙ። በ1924ቱ ሕግ የኢትዮጵያ ኮታ በዓመት መቶ ሰው ነበር። መቶ! አዲሱ ሕግ በትውልድ አገር መለየቱን አስቀረ። ጆንሰን ግን በዚያው ንግግር ሕጉ አብዮታዊ አይደለም፣ የሚሊዮኖችን ሕይወት አይነካም አሉ። የኋላው ስደተኛ የመጣው በ1980ው የስደተኞች ሕግና በ1990 በተፈጠረው ዲቪ ነው ቢባልም በሩ የላላው በዚያ ቀን ነው። ምንም አይለወጥም ብለው ከተናገሩበት ንግግር ይህ ሁሉ ሐበሻ ወጣ። ከዚያ ወዲህ የፕሬዚዳንት ትንቢት ስሰማ ፈገግ እላለሁ።

በሩ ከተከፈተልን በኋላ ያገኘነው ሌላው ቀን ኦገስት 22 ቀን 1996 ነው። ቢል ክሊንተን የፈረሙት የዌልፌር፣ ማለትም የድሆች ድጋፍ ሕግ በስሙ ውስጥ «ኃላፊነት» አለው፣ «የሥራ ዕድል» አለው። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ግን በአብዛኞቹ የፌዴራል ድጋፎች ለመጠቀም አምስት ዓመት እንዲጠብቅ አደረገ። ክሊንተን ራሳቸው የስደተኛውን ክፍል እንደማይወዱት ተናግረው ነው የፈረሙት። ከሐበሻ መካከል «አምስት ዓመት ሞልቶሃል?» የሚለውን ጥያቄ ያልሰማ ያለ አይመስለኝም። በኋላ ክልሎች ለሕፃናትና ለነፍሰ ጡሮች አምስት ዓመት መጠበቁን እንዲያነሱ ተፈቀደ፤ ብዙዎቹም አንሥተዋል። የቀረው ሰው ይቆጥራል።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በአዳራሹ ጥግ ጠረጴዛ ይዘን ለሰው ፎርም የምንሞላ ጥቂቶች አለን። ደብዳቤ የማይገባው፣ የሚገባውም የሚፈራው ይመጣል። በ2023፣ በኮቪድ ጊዜ ሰው ከሜዲኬድ እንዳይሰረዝ የሚከለክለው ደንብ ሲያበቃና ሁሉም ሜዲኬዱን እንደገና እንዲያድስ ሲጠየቅ ጠረጴዛው ተጨናነቀ። በአገር ደረጃ ከ20 ሚሊዮን በላይ ሰው ከሜዲኬድ ተሰርዟል። አብዛኛው የተሰረዘው ገቢው በልጦ ስለተገኘ ሳይሆን ፎርሙ ስላልተመለሰ፣ ወይም ወረቀት ጎደለ ስለተባለ ነው።

አንድ ጋሼ ነበሩ፤ ስልሳን ያልተሻገሩ፣ ማታ ማታ ፓርኪንግ የሚሠሩ። መሰረዛቸውን የነገራቸው የፋርማሲው ልጅ ነው። የደም ግፊት መድኃኒታቸውን ሊወስዱ ሄደው ካርዱ አልሠራም አላቸው። ደብዳቤው ተልኮ ነበር፣ ግን እዚያው ሕንፃ ውስጥ ከሦስተኛ ወደ አምስተኛ ፎቅ ከመዛወራቸው በፊት ወደነበሩበት ቁጥር። በኋላ የድሮው ጎረቤት ያስቀመጠላቸውን ፖስታ ይዘው መጡ። ገጹ ብዙ ነው፣ በእንግሊዝኛ ነው፤ መመለሻው 30 ቀን እንደሆነ መሐል ላይ ተጽፏል። ከመጨረሻው ገጽ ላይ፣ ከሃያ ምናምን ቋንቋ መካከል፣ አንዲት መስመር አማርኛ አለች፤ በነፃ እንረዳዎታለን፣ ወደዚህ ቁጥር ይደውሉ የምትል። ደወልን። አርባ ደቂቃ ሙዚቃ ሰማን።

«ልጄ፣ ደሞዜ እንደሆነ ያው ነው። ምን አጠፋሁ?» አሉኝ።

ምንም አላጠፉም። ከተሰረዙ በ90 ቀን ውስጥ የጎደለው ወረቀት ከገባ አዲስ ማመልከቻ እንደማያስፈልግ የነገረኝ ቢሮው ሳይሆን አብራኝ ፎርም የምትሞላ ነርስ ናት። አስገባን፤ ተመለሰላቸው። እስከዚያ ድረስ መድኃኒቱን በኪሳቸው ገዙ፤ አንዳንድ ቀን ደግሞ ግማሽ እየቆረጡ ይውጡ እንደነበር ኋላ ነው የሰማነው። ቢሮውን በስም አልጠራውም፤ እዚያ የሚሠሩትም ቢሆኑ ከአቅም በላይ ፋይል የተከመረባቸው ናቸው።

በዚህ ጉዳይ ሁልጊዜ የምንከራከር ኡበር የሚነዳ ጓደኛ አለኝ። ሬገንን ይጠቅስብኛል። ሬገን በ1981 ሥልጣን ሲይዙ መንግሥት የችግራችን መፍትሔ አይደለም፣ መንግሥት ራሱ ችግሩ ነው አሉ፤ በ1988 ደግሞ የፌዴራል መንግሥት በድህነት ላይ ጦርነት አወጀ፣ ድህነት አሸነፈ ብለው ኮንግረሱን አሳቁ። ቀልዱ ጥሩ ቀልድ ነው። ቁጥሩ ግን አያግዘውም፤ ጆንሰን ጦርነቱን ባወጁበት በ1964 ይፋዊው የድህነት መጠን 19 በመቶ ነበር፣ በ1973 ወደ 11.1 በመቶ ወርዷል። ኢኮኖሚውም ጥሩ ስለነበር ሁሉም የፕሮግራሞቹ ውጤት ነው አልልም። ግን ድህነት አሸነፈ ከማለት በፊት ሽማግሌዎቹን ማየት ነበረባቸው፤ ከሁሉ በላይ ድህነት የቀነሰላቸው እነሱ ናቸው።

ጓደኛዬ ልክ የሚሆንበት ቦታም አለ፣ ስናገረው ደስ ባይለኝም። «እህቴ፣ አንድ ሰዓት ኦቨርታይም ልጨምር ስል ሚስቴ ትከለክለኛለች፤ ኢንካማችን ካለፈ የልጆቹ ነገር ይበላሻል ትላለች። ሥራ አትሥራ የሚል ፕሮግራም ምን ዓይነት ዕድል ነው?» ይላል። መልስ የለኝም። ገቢ በጥቂት ዶላር ሲያልፍ ድጋፉ ድንገት የሚቆረጥበት ደንብ አለ፤ ያንን ደንብ የጻፈው ሰው ማታ ኡበር የሚነዳ ሰው ቤት ገብቶ አያውቅም። በዚህ ላይ እሱና እኔ አንለያይም። የምንለያየው እሱ ደንቡን አይቶ ፕሮግራሙ ይቅር ሲል፣ እኔ ደንቡ ይስተካከል ስል ነው። ሆስፒታሎቹን ያስተካከለውም ደንብ ነበራ!

ዛሬ አንድ ፕሬዚዳንት፣ የየትኛውም ፓርቲ ይሁን፣ ስለ ፍትሕና ስለ ዕድል ሲናገር ከጭብጨባው በኋላ የሚመጣውን እጠብቃለሁ። ማን ይገባል፣ ማን ይቀራል፣ ማን ይቆጣጠራል፣ ወረቀቱ ወደ የትኛው አድራሻ ይላካል። አንዳንዴ ወራት ይፈጃል፤ ሰው ንግግሩን ከረሳው በኋላ ደንቡ ይወጣል። አሰልቺ ንባብ ነው፣ አልዋሽም።

ባለፈው እሑድ ያው ጓደኛዬ ጠረጴዛው ጋ መጣ። እናቱን በቅርቡ አምጥቷቸዋል፤ ዜጋ ስለሆነ በእሱ በኩል ነው ግሪን ካርድ ያገኙት። ወንበር ስቦ ተቀመጠና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ስሚ፣ ለእማዬ ያ አምስት ዓመት የሚቆጠረው ከመቼ ነው?» አለኝ።

ግሪን ካርዳቸው ላይ ነዋሪ ከሆኑበት ቀን ጀምሮ ነው አልኩት፤ ዋስ ሆኖ ስለፈረመላቸው የእሱም ገቢ ሊታይ እንደሚችል ጨመርኩለት። ካርዱን ከኪሱ አውጥቶ ቀኑን በስልኩ መዘገበ። ስለ ሬገን አላነሳሁበትም። እሱ ግን አላስቻለውም፤ «መንግሥት ችግር ነው አላልኩሽም?» ብሎ ተነሣ።